የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሰመር ካለፈ በኋላ ባሕር ዳር

ከሌበር ደይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በኋላ የሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ ግርግሩ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሳ ቤተሰብ ከጁላይ ይልቅ ይህን ጊዜ እንመርጣለን። ነፋሱ፣ ቶሎ የሚመሸው ቀንና ጠባቂ የሌለው ውኃ ግን ዝግጅት ይጠይቃሉ። ከታች የተጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። አንዱ ልጄ 4ኛ ክፍል ነው፣ ታናሹ 1ኛ ክፍል። ያለን ኦክቶበር ላይ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ወዴት እንውሰዳቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አሳቲግ ደሴት ይውሰዷቸው፤ በሜሪላንድ በኩል ባለው መግቢያ። እናትዎ ውቅያኖሱን ያያሉ፣ ልጆቹ ደግሞ የዱር ፈረሶቹን።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከጠዋቱ 6:30 ይነሱ። በሩት 50 ቤይ ብሪጅን ተሻግረው ይቀጥሉና ኦሽን ሲቲ ከመግባትዎ በፊት ወደ ቀኝ፣ ወደ ሩት 611 ይታጠፉ። ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ከመውጣትዎ በፊት የጎብኚዎች ማዕከሉ ጋ ይቁሙ። መግቢያው ነጻ ነው፣ መጸዳጃ ቤት አለው፣ ልጆቹም የባሕር እንስሳት በእጃቸው የሚነኩበት ገንዳ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ፊት ለፊት የሚያገኙት የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ ነው፤ ክፍያው ለብቻው ነው። ወደ ብሔራዊው ፓርክ የሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነው። እዚያ ለመኪና የሚከፈለው 25 ዶላር ለሰባት ቀን ያገለግላል። እርስዎ ግን ላይከፍሉ ይችላሉ፦ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የፌዴራል ፓርኮች ነጻ መግቢያ አላቸው፤ አብሯቸው በመኪናው ያለውም ሰው ይገባል። ከኢንተርኔት አውጥተው በወረቀት አትመው ይያዙት። የስቴት ፓርኩ ግን አይቀበለውም።

ስለ ፈረሶቹ፦ በሰመር ከዝንብና ከቢንቢ ሸሽተው አሸዋው ላይ ይወጣሉ፤ ሲቀዘቅዝ ግን ሣር ፍለጋ ወደ ረግረጉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ውቅያኖሱ ዳር ተቀምጦ መጠበቅ አያዋጣም። በመኪና ቀስ እያሉ ወደ ረግረጉ በኩል ይፈልጓቸው። ከፈረስ ቢያንስ 40 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው፤ 12 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉም። ምግብ መስጠት ፈጽሞ ክልክል ነው፦ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ መኪና ባየ ቁጥር አስፋልት ላይ እየወጣ ይገጫል። ምሳችሁን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ።

ለእናትዎ በረግረጉ ላይ የተሠራው የእንጨት መተላለፊያ ይስማማቸዋል፤ ዙሪያው ግማሽ ማይል ያህል ነው፣ ሜዳ ነው። ወደ አሸዋው ለመውረድ ሰፋፊ ጎማ ያለው የአሸዋ ዊልቸር ስለሚያውሱ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ዝቅ ያለውን የቢች ወንበር አይውሰዱላቸው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከእሱ ላይ መነሳት ይቸገራል። ከፍ ያለ፣ እግሩ ሰፊ የሆነ ተጣጣፊ ወንበር ይሻላል፤ ቀጭን እግር አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። ጋቢ ይያዙላቸው። የቢንቢ መከላከያም አይርሱ፤ ውርጭ እስኪመታት ድረስ ቢንቢ አትጠፋም፣ በተለይ ነፋሱ ከረግረጉ በኩል ሲነፍስ። ምግብና ውኃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሴፕቴምበር ላይ መዋኘት ይቻላል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ውኃው ከአየሩ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ በሴፕቴምበር አጋማሽ 22 እና 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በኦክቶበር አጋማሽ ወደ 18 ይወርዳል። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። አሳቲግ ላይ ላይፍጋርዶች ከሌበር ደይ በኋላ አይኖሩም። ኦሽን ሲቲ ሴፕቴምበር ውስጥም ከ10:00 እስከ 5:30 ይሠራሉ፤ ቁጥራቸው ስለሚቀንስ ግን ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። ላይፍጋርድ በሌለበት ቦታ ውኃው ውስጥ አይግቡ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት የሚበረታው በሴፕቴምበር ነው። ማዕበሉ በመቶዎች ማይል ርቆ እያለ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥቶ፣ ወደ ጥልቁ የሚጎትት የውኃ ጅረት ይፈጠራል። ምልክቱ ይኸውና፦ ግራና ቀኝ ማዕበሉ ነጭ አረፋ እያወጣ ሲሰበር መሃል ላይ የማይሰበርበት ክፍተት ይታያል፤ አሸዋ የቀላቀለው ውኃም በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይሄዳል። ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው የሚመርጠው ያንኑ ቦታ ነው። ከያዘዎት ወደ ዳርቻው ለመመለስ አይታገሉ፤ የሚገድለው ድካሙ ነው። ተንሳፈው ይረጋጉ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙ፣ ጉተታው ሲለቅዎት ወደ የብስ ይመለሱ። ሌላ ሰው ከተያዘ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውረው 911 ይደውሉ እንጂ ተከትለው አይግቡ።

ጥያቄ፦ ለመስቀል ሰሞን አሳቲግ ሄደን በከሰል ቡና ማፍላት ይፈቀድልናል? (ከሲያትል ለእንግድነት የምንመጣ)

መልስ፦ በሜሪላንዱ ክፍል አሸዋው ላይ እሳት ማንደድ የሚፈቀደው ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር በታች ብቻ ነው፤ መስመሩን የደረቀው የባሕር አረም ያሳይዎታል። ከሙሉው እስከ ጎደሎው ስድስት ሰዓት ያህል ስላለ፣ ውኃው መጉደል ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢያቀጣጥሉ ሦስቱንም ተረጋግተው ይጠጣሉ። ሲሞላ ከጀመሩ ማዕበሉ ሲኒውን ይወስደዋል። ቡናውን ቤት ቆልተው፣ ፈጭተው ይምጡ፤ በነፋስ ላይ ግማሹ ያርራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ለጀበናው ማስቀመጫ ጠፍጣፋ ጣውላ ይያዙ። ሲጨርሱ እሳቱን በውኃ ያጥፉት እንጂ በአሸዋ አይቅበሩት፤ ከአሸዋው ሥር ፍሙ ለሰዓታት ስለሚቆይ ቀጥሎ በባዶ እግሩ የሚያልፍን ልጅ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ በኖቬምበር ለ11 ዓመት ልጄ ትምህርት የሚሆን የአንድ ቀን ጉዞ? (ከሃያትስቪል)

መልስ፦ ካምብሪጅ ከተማ አጠገብ ያለው ብላክዋተር የዱር እንስሳት መጠለያ። ከእናንተ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። በኖቬምበር ከሰሜን የመጡ ዝይዎች በብዛት ያርፉበታል፤ ንስር ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። አራት ማይል የሚሆነውን መንገድ በመኪና ይዙሩት፣ ሲያቆሙም ሞተሩን አጥፍተው ውስጥ ይቆዩ፤ ወፎቹ መኪናውን ለምደውታል፣ በሩን ከፍቶ የሚወርድ ሰው ሲያዩ ግን ይነሳሉ።

ከባርነት አምልጣ ሌሎች ባሪያዎችንም ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን በ1822 ገደማ የተወለደችው በዚሁ አውራጃ ነው። በ2017 የተከፈተው የመታሰቢያ ማዕከሏ ከመጠለያው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፣ መግቢያውም ነጻ ነው። በልጅነቷ በብርድ ውኃ ውስጥ እየገባች ወጥመድ እንድትፈትሽ ትላክ የነበረው በእነዚህ ረግረጎች ነው። በ1849 ካመለጠች በኋላ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ 70 የሚሆኑ ሰዎችን አወጣች፤ ለዚህም ሌሊቱ የሚረዝምበትን ወቅት ትመርጥ ነበር። ለልጅዎ ማዕከሉን አስቀድመው ያሳዩት፣ ከዚያ ረግረጉን፤ የሚያየውን ነገር ያውቀዋል።

በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ስለሚቀየር ከዚያ ወዲህ ፀሐይ የምትጠልቀው 5:00 ገደማ ነው። ወፎቹ በብዛት የሚንቀሳቀሱት በማለዳና ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ስለሆነ፣ ከ3:00 ጀምሮ መንገዱ ላይ ይሁኑ። በአካባቢው ያሉ ዝቅተኛ መንገዶች ባሕሩ ሲሞላ በጨው ውኃ ይዋጣሉ፤ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ አይግቡበት፣ ዞረው ይመለሱ።