ዓሳ በፕሬዠር ኩከር ስንት ደቂቃ ይቀቀላል ላልሽው እህቴ

ከሐዋሳው የዓሳ ገበያ ከአሞራ ገደል የገዛሽውን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ባለ ቅርፊት ዓሳ) በአዲሱ ፕሬዠር ኩከርሽ፣ በእንፋሎት ግፊት በሚያበስለው ድስት፣ ሾርባ ልትሠሪበት ፈልገሽ፣ ስንት ደቂቃ ልተወው ብለሽ ጠይቀሻል። ሰው ሁሉ 20 ደቂቃ ይልሻል። እባክሽ አትስሚ። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት 20 ደቂቃ ተብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

1ኛ፦ ሥጋውንና አጥንቱን አንድ ላይ አትክተቺ። የዓሳ ሥጋ እንደ በሬ ሥጋ አይደለም፣ በተራ ድስት እንኳ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል። ጊዜ የሚፈልገው ጭንቅላቱና አጥንቱ ነው፤ ሾርባውን ሾርባ የሚያደርገውም እሱ ነው። እኔ ያኔ ዓሳውን እንዳለ ቆራርጬ ከተትኩት። ስከፍተው ሥጋ የሚባል ነገር የለም። አጥንቱ እንደ መርፌ ተበታትኖ መረቁ ውስጥ ገብቷል። ልጄ ገና 4 ዓመቷ ነበር፤ እንዴት አድርጌ ልስጣት? 3 ኪሎ ዓሳ ደፋሁ።

2ኛ፦ ቅርፊቱን ቤትሽ ገብተሽ ድገሚው። ሐይቁ ዳር የሚያጸዱልሽ ልጆች እጃቸው ፈጣን ነው፣ አልወቅሳቸውም። ግን በክንፉ ሥርና በአንገቱ ዙሪያ ሁሌም ይቀራል። በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ፋቂው። ቀዩን ስንጥብ አውጪ፣ ሐሞቱም እንዳይፈርጥብሽ፤ ሾርባ የሚያመሩት እነሱ ናቸው።

ቅርፊት ላይ ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር አንዲት የጣት ጥፍር የምታክል ቅርፊት የእንፋሎቱን መውጫ ደፈነችብኝ። እንፋሎት ሲወጣ የምትጮኸው የክዳኑ ፊሽካ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ገና አልፈላም ብዬ እሳቱን ጨመርኩ። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። ልጄን ላጥባት ከኩሽና እንደወጣሁ የደህንነት ቫልቩ፣ ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎቱን የሚለቀው፣ ፈነዳ። ተመስገን ነው፣ ማንም አልነበረም። ያ ቫልቭ ባይኖር ክዳኑ ራሱ ነበር የሚነሳው። ሾርባው ኮርኒሱ ላይ ወጣ፣ የእርዱ ቢጫ ዛሬም አለ። ስለዚህ ፊሽካዋ በወትሮ ሰዓቷ ካልጮኸች እሳት አትጨምሪ፣ አጥፊው። እስኪበርድ አትንኪው።

ከዚያ ቫልቩንና የክዳኑን ማሸጊያ ጎማ ልቀይር የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሲሸጡልኝ «ዋስትና አለው፣ አትስጊ» ያሉኝ ሰዎች ናቸው። ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል «ለብቻው አይሸጥም፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። ደረሰኙን ሳሳየው «ይሄ የሥጋ ነው፣ ዓሳ ቀቅለሽበት ነው ያበላሸሽው» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። እስካሁን ያናድደኛል። ዕቃው ዓሳና ሥጋ አይለይም፤ የሚያውቀው እንፋሎት ብቻ ነው። በኋላ ገበያ ውስጥ የማብሰያ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ክዳኑን ተቀብለው፣ ጎማውን ለክተው፣ ቫልቩንም ገጠሙልኝ። አንቺም ስትሄጂ ክዳኑን ራሱን ያዢ። የ5 ሊትሩ ጎማ ለ7 ሊትሩ አይሆንም።

3ኛው እንግዲህ አሠራሬ ነው። ጭንቅላቱንና አጥንቱን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሬ እከታለሁ፤ ቅርፊትም ስባሪ አጥንትም ከቋጠሮው አይወጣም። ውሃው ከድስቱ ግማሽ አያልፍም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል። ፊሽካዋ ስትጀምር እሳቱን እቀንስና 15 ደቂቃ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍ ስለምትል በተራ ድስት ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ አጥንት ቶሎ አይለቅም። ግፊቱ ሙቀቱን ከዚያ በላይ ስለሚያወጣው የፕሬዠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፣ ሥጋው ላይ አይደለም። አጥፍቼ እንፋሎቱ በራሱ ሲያልቅ ብቻ እከፍታለሁ። ቋጠሮውን አወጣለሁ። ሥጋውን ጎረድ ጎረድ አድርጌ እጨምርና ክዳን ሳልገጥም 5 ደቂቃ። ቃሪያና ሎሚው ከወረደ በኋላ ነው።

ዓሳሽ አምባዛ ከሆነ ቅርፊት የለውም፣ ግን ስቡ ብዙ ነው፤ መረቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ግፈፊለት። ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ቤትሽ ካለ ግን በቆሮሶው ጽኚ። በከሰል ደግሞ ፈጽሞ አትሞክሪው፤ ፊሽካዋ ስትጀምር ፍሙን መቀነስ አትችዪም።

አማቴ የዝዋይ ሰው ናቸው፣ ዓሳ ላይ ማንንም አያመሰግኑም። ባለፈው ፋሲካ ማግስት መጥተው ሁለት ሳህን ጠጡና «አጥንቱን ማን ለቀመልሽ?» አሉኝ። ማንም አልለቀመውም፣ ቋጠሮው ነው።

ዛሬ ማታ ልትሠሪ ከሆነ፣ ክዳኑን ከመግጠምሽ በፊት ወደ መስኮት አንሺና በእንፋሎት መውጫዋ ቀዳዳ እዪ። ብርሃን ካልታየሽ በመርፌ ጥረጊያት፣ ከዚያ ግጠሚ።