መልስ፦ ጀልባዬ ውሃ ታስገባለች፣ ቀዳዳው ግን አይታየኝም

ወንድሜ፣ ፋይበር ጀልባህ ጣና ላይ ስታድር ወለሏ ውሃ ይዞ ይጠብቅሃል፣ ቀዳዳው ግን አልታይ አለህ። እኔም በዚሁ ስንት ቅዳሜ አቃጥያለሁ። ከውስጥ መፈለጉን ተወው። ተጎታቹ ላይ አውጣት፣ አፍንጫዋን ከፍ አድርግ፣ ታችዋን በጨርቅ አድርቅና ውስጧ በቱቦ ውሃ ጨምረህ ከስር ሆነህ ጠብቅ፤ የሚንጠባጠብበትን በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ቀስ እያልክ ታዲያ፣ 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነው፣ ተጎታቹም የሚችለው አለው።

መጀመሪያ የማፍሰሻውን ውታፍ እይ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ በርካሽ ተገላገልክ። ቀጥሎ ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች። የእኔዋ በታችኛው ብሎን ዙሪያ ላብ የመሰለ እርጥበት ብቻ ነበር የምታሳየው፣ ለካ እሱ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስገባ የሚያድረው! ብሎኑን ንቀል፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቀህ አውጣ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ፖሊዩሪቴን የሚባለውን የጀልባ ማሸጊያ ቀብተህ እሰረው። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እንዳትሞክር፤ ይላቀቃል፣ ቅሪቱ ላይ ደግሞ ሌላ ማሸጊያ አይዝም። በብሎኑ ቀዳዳ የሚታየው፣ በፋይበሩ ውስጥ ያለው እንጨት በካቻቪቴ ጫፍ ስትነካው ከፈረፈረ ግን በስብሷል፣ ማሸጊያ አያድነውም፣ እንጨቱ ራሱ ይቀየር።