ልቤ ደርቆ እያለ እግዚአብሔርን እወዳለሁ ማለት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የምተዳደረው ቡና በችርቻሮ በመሸጥ ነው። ጠዋት ተነስቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አነባለሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ነገር ግን ልቤ ደርቋል። ሌሎች ሲጸልዩ እንባ ይቀድማቸዋል፤ የእኔ ሐሳብ ግን ገበያ ውሎ ይመለሳል። «እግዚአብሔር ይወድሻል» ሲሉኝ አሜን እላለሁ እንጂ ምንም አይሰማኝም። በዚያ ላይ ሐጂ ብለን ከምንጠራቸው ጎረቤታችን ጋር ከተኳረፍን ሁለት ክረምት አለፈን። ግቢያቸውን አፈር አስሞልተው ከፍ ስላደረጉት የዝናቡ ውኃ ወደ እኔ ቤት ይወርዳል፤ ጓዳ ያስቀመጥኩት አንድ ኬሻ ቡና ርሶ ሻግቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። «እግዚአብሔርን እወዳለሁ እያለ ወንድሙን ቢጠላ ሐሰተኛ ነው» የሚለው ሲነበብ እደነግጣለሁ። መልሼ ደግሞ «እርሳቸው የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደሉም» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እምነቴ ሞቷል ማለት ነው? የእግዚአብሔርን ፍቅር በየዕለቱ የምኖረው እንዴት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሰንብቻለሁ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ጸሎት የተጻፈ መሰለኝ፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን ስለ ጎርፍ መውረጃ መሆኑን አየሁ። ለሁለቱም እመልሳለሁ፤ ለጸሎቱ አጠር፣ ለጎርፉ ረዘም አድርጌ።

እንባ ጸጋ ነው፤ የተሰጠው ያመስግን። ያልተሰጠው ግን አልጸለየም አይባልም። ከዳዊት 150 መዝሙራት መካከል «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የሚጀምር አለ። 87ኛው (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛው) ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሰቆቃ ነው። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ ይህኛው ግን ወዳጅና ባልንጀራ እንደራቁት ተናግሮ እዚያው ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር አልጨረሰም ብላ ከዳዊት አላወጣችውም፤ ከሌሎቹ እኩል ትደግመዋለች። ልቡ ደርቆ የሚጸልይ ሰውም የሚደግመው ተጽፎለታል ማለት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «ምንም አይሰማኝም» ብለሽ ሳትጨርሺ «እምነቴ ሞቷል?» ብለሽ ጠየቅሽ። በየጠዋቱ ልብሽን እየዳበስሽ «ዛሬ ወደድኩት ወይስ አልወደድኩትም?» የምትይ ከሆነ ድካም ብቻ ነው የሚተርፍሽ። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ፣ ምዕራፍ 4 ቁጥር 10 ላይ ነገሩን የሚጀምረው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ፍቅር እግዚአብሔር እኛን መውደዱና ልጁን መላኩ ነው እንጂ እኛ እርሱን መውደዳችን አይደለም ይላል። ጳውሎስም «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» ብሏል። በቅዳሴ ማርያም ካህኑ «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ ወአብጽሖ እስከ ለሞት» ሲል ሰምተሻል፤ ኃያሉን ወልድ ከዙፋኑ ፍቅር ሳበው፣ እስከ ሞትም አደረሰው ማለት ነው። የሳበው የእኛ እንባ አይደለም። ካህኑ ይህን ቃል የሚለው አንቺ ነቅተሽ ብትሰሚውም፣ ዓምድ ተደግፈሽ ብታንቀላፊም ነው። (ማንቀላፋትን እየፈቀድኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።)

ስለዚህ ጠዋት የምታደርጊውን አትተዪ። ሐሳብሽ ገበያ ከሄደ መልሰሽ አምጪው፤ እንደገና ከሄደ ገበያውን ራሱን ጸሎት አድርጊው። ዕዳ ያለብሽን፣ ዕዳ ያለበትን፣ ትናንት የተጣላሽውን ደንበኛ ስም እየጠራሽ ለእግዚአብሔር ንገሪው። ሐሙስ ገበያ ልትወጪ ረቡዕ ማታ ጆንያ የምትሰፊ ሴት በስፌቱ መካከል «አቤቱ ማረን» ብትል እግዚአብሔር የሚሰማት አይመስልሽም?

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቆሎ ተማሪ ባልሆንም በልጅነቴ ጸሎት የምወድ፣ በዚያም ትንሽ የምኮራ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ውዳሴ ማርያም ይዤ ቆሜ ሳለ እናቴ ከደጅ ተጣራች፤ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር የከሰሉን ጆንያ ወደ ቤት እንዳግዛት ነበር። እኔ ጣቴን በገጹ መካከል እንዳስገባሁ «እየጸለይኩ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። ብቻዋን ጎትታ አስገባችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀች፤ ጥቁር ውኃ ደጃፉ ላይ ተንጠባጠበ። የዚያን ቀን የትኛውን ክፍል እንዳነበብኩ አላስታውስም። ያ ጥቁር ውኃ ግን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከየት ሰፈር እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ጌታችን ከኦሪት ጠቅሶ የተናገረው ነው፤ የሚገኘውም በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 18 ነው። እስቲ ጎረቤቶቹን ተመልከቺ። ጥቂት ከፍ ብሎ፣ መከር ስትሰበስብ የእርሻህን ዳር አትጨርስ፣ ለድኻና ለመጻተኛ ተወው ይላል። ቁጥር 13 ላይ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ከዚያ መስማት የተሳነውን አትስደብ፣ ማየት በተሳነው ፊት እንቅፋት አታኑር ይላል። ሐሜትም እዚያው ተከልክሏል። ዝቅ ሲል ደግሞ ለሽበታም ተነሣ፣ በአገርህ የሚቀመጠውን እንግዳ እንደ ራስህ ውደድ ይልና ምዕራፉ ሊያበቃ ሲል ሚዛንና መስፈሪያ ላይ ይደርሳል፤ የእውነት ሚዛን፣ የእውነት መስፈሪያ ይሁንላችሁ ይላል።

ይህን ምዕራፍ ሳነብ የእኛ ገበያ ይመጣብኛል። ፍቅር የሚለው ቃል የተቀመጠው በቀን ሠራተኛው ደመወዝና በጣሳው መካከል ነው! ቡና የሚለቅሙልሽ፣ ሰፌድ ይዘው ጥቁሩን ፍሬ ከጤነኛው የሚለዩልሽ ሴቶች ካሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሒሳባቸውን ስትሰጪ ቁጥር 13ን እየጸለይሽ ነው። ጣሳውን ስትሰፍሪ አውራ ጣትሽ ከውጭ ይሁን ከውስጥ፣ ይህም የጸሎት ጉዳይ ነው። እንዲመዝን ተብሎ ውኃ የሚረጭበት ቡና እንዳለ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። ለቀማ ሲደርስ ከሌላ አገር መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድረው ወጣትም «በአገርህ የሚቀመጠው እንግዳ» የተባለው እርሱ ነው፤ ስሙን መጠየቅ ብቻ እንኳ አንድ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የሻገተው ኬሻ የት ደረሰ? በጥያቄሽ አልጻፍሽውም። ከደረቁ ጋር አቀላቅለሽ ሸጠሽው ከሆነ ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪው ነገር አለሽ። ጥለሽው ኪሳራውን ለብቻሽ ተሸክመሽ ከሆነ ግን፣ ያን ቀን እግዚአብሔርን ወደድሽው፤ የማታውቂውን ገዢ ልጆችም ወደድሽ። ምንም አልተሰማሽ ይሆናል፤ የተሰማሽ ንዴት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዮሐንስ «በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ» ሲል እንዲህ ያለውን ይጨምራል ብዬ አምናለሁ። ፍቅርሽን ልብሽ ውስጥ ስትፈልጊው ሳለ ምናልባት ከጓዳሽ በር አልፎ ሄዶ ይሆናል።

ወደ ሐጂ እንምጣ። «የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደሉም» ያልሽው መጠለያ አያዘልቅሽም። ያ ሕግ አዋቂ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ጌታን ሲጠይቀው በሉቃስ ምዕራፍ 10 የተሰጠው መልስ ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው ያነሣው ሳምራዊ ነበር። አይሁድና ሳምራውያን በአምልኮ ቦታ እንኳ የተለያዩ ነበሩ፤ በዮሐንስ ምዕራፍ 4 ሴቲቱ ከጉድጓዱ አጠገብ የምታነሣው ክርክር ይኸው ነው። ጌታ ግን ፍቅርን ለማስተማር ከወዲያ ማዶ ያለውን ሰው መረጠ። ደግሞ ሉቃስ ስለ ሳምራዊው ስሜት የጻፈው አንዲት ቃል ናት፤ «አዘነለት» ይላል። ስለ እጁ የጻፈው ግን ረዘም ያለ ነው፦ ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ጠበቀው፣ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 የወይን ቦታ ሠራተኞች የቀን ደመወዝ አንድ ዲናር ስለሆነ፣ ሰውየው የሁለት ቀን ደመወዙን ለማያውቀው ሰው አውጥቷል።

እኛ በጅማ ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ሥጋ አንበላላም፤ ነገር ግን በፋሲካም በዓረፋም ቡናው አንድ ላይ ይጠጣል፣ ዳቦው ይሻገራል፣ ለቅሶ ላይ ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ ድንኳን ይተከላል። አንቺም ከሁለት ክረምት በፊት ይህን ታደርጊ እንደነበር አልጠራጠርም።

ግን ልብ በይ፤ ፍቅር ማለት «ኬሻዬ አልረጠበም» ማለት አይደለም። በደል በደል ነው። በዚያው በዘሌዋውያን 19 ከቁጥር 18 በፊት ያለው ቁጥር 17፣ ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ባልንጀራህን ግን ገሥጸው ይላል። በልብ መያዝን ከልክሎ በአፍ መናገርን ያዝዛል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አፋችንን ዘግተን ልባችንን እንሞላለን፣ ይህንንም ትዕግሥት ብለን እንጠራዋለን። ጥያቄሽን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው የፈለግኩት አንድ ቃል ነበር፤ «ነገርኳቸው» የሚል። አጣሁት። አፈር ማስሞላታቸውን ጽፈሻል፣ ውኃው መውረዱን ጽፈሻል፣ ሰላምታ መቆሙን ጽፈሻል። ቡናሽ መርጠቡን ሐጂ ያውቃሉ? ከአጥር ማዶ ሆነው «ይህች ሴት ምን አድርጌአት ነው ፊቷን ያዞረችብኝ?» እያሉ ቢሆንስ?

ጌታችን መባ ይዘሽ መሠዊያው ፊት ቆመሽ ወንድምሽ አንዳች በአንቺ ላይ እንዳለው ብታስቢ፣ መባሽን ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ ይላል። ያስተዋልሽው እንደሆነ፣ አንቺ በእርሱ ላይ ቅሬታ ካለሽ አላለም፤ እርሱ በአንቺ ላይ ካለው ነው ያለው። ሐጂ በአንቺ ላይ ምን እንዳላቸው የምታውቂው ስትጠይቂያቸው ነው። በዚህ ኩርፊያ ምክንያት ከቅዱስ ቁርባን ርቀሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ የሚሉሽን ስሚ እንጂ በራስሽ ፈርደሽ አትቅሪ።

እንዴት እንደምትሄጂ ከጠየቅሽኝ፣ መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 18 የተጻፈው ሥርዓት እንዲሁ ነው። ካልሆነ አንድ ሁለት ሽማግሌ ይጨመራል፤ ከእኛም ከእነርሱም ወገን ቢሆኑ ይመረጣል። የኬሻውን ዋጋ የመጀመሪያ ቃልሽ አታድርጊው። «እንደምን አደሩ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለሽ ጀምሪ። ውኃው የሚገባበትን ቦታ በዓይናቸው ያዩት ዘንድ ወደ ግቢሽ ጥሪያቸው፤ በእግር የተኬደበት ነገር በቃል ከተነገረ ይልቅ ይገባል። ቡናም አፍዪ። እስከዚያው በየጠዋቱ ጸሎትሽ መጨረሻ ላይ ስማቸውን ጥሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ስማቸው ምላስሽ ላይ ይከብድሻል፤ ይክበድሽ፣ ጥሪው።

የጅማ ዝናብ ሰኔን እንደማይጠብቅ ታውቂያለሽና ብዙ አትዘግዪ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል በአጥሩ ሥር ቦይ ቢቀደድ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ የሐጂ ልጆችና የአንቺ ትልቁ ልጅ ከተጋገዙ ከዚያም ያንሳል። አካፋ ከሌላችሁ የእኔ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ ልጅሽን ልከሽ አስወስጂው።