አቦል ላይ ፍየል የት ይቆማል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን ከሐዋሳ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ልጆቹ ክረምት ላይ ናቸው፣ ወላጆቹ ጭንቀት ላይ።

አንድ አባት ከፒያሳ። ልጃቸውን ሥዕልና አስትሮኖሚ አብሮ የሚያስተምር ቦታ አስገብተዋል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ክብ ስታቀልም ከረመች። ሳይንስ ነው ወይስ ገንዘቤን እየበሉት ነው?»

ጋሼ፣ እንደ አያያዙ ነው። ከፀሐያችን ውጭ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ታውቀዋል። ከነጥብ ያለፈ ፎቶ ያገኘንለት ግን አንድም የለም። በየዜናው የሚያዩት ደመናና ባሕር ሰዓሊ ከቁጥር ተነስቶ የሳለው ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ጌጥ አይደለም። ቁጥሩ ከሌለ ግን እውነትዎን ነው፣ ልጅዎ ክብ እያቀለመች ነው።

የራሳችንን እንውሰድ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ስም የማውጣት ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ አንዱን ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለች። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል። አንድ ዓመቱ ወደ 990 የእኛ ቀን ነው። የሚዞርበት መንገድ የተለጠጠ ነው፤ ሲርቅ ያለው ርቀት ሲቀርብ ካለው ከአራት እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ሁለት ወረቀት ይስጧት። አንዱ ሲቀርብ፣ አንዱ ሲርቅ። ከአቦል ሆኖ የሚታየውን ቡናን በሁለቱም ላይ እኩል አድርጋ ከሳለች አስተማሪው ዝም ማለት የለበትም። ፍየል ከጨመረችበት ደግሞ (ይጨምራሉ፤ ባጃጅ የጨመረም አይቻለሁ) «የት ቆመ?» ይበላት። አቦል ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው፣ መቆሚያ መሬት የለውም። ወይ ፍየሉን ታጠፋዋለች፣ ወይ ለአቦል ጨረቃ ፈጥራ እዚያ ላይ ታቆመዋለች። ሁለተኛውን ካደረገች ቀለሙን እኔ እገዛለሁ።

ነገ ሄደው «ከሥዕሉ በፊት ምን ቁጥር ሰጣችኋቸው?» ይበሏቸው። ከተንተባተቡ ገንዘብዎን ያስመልሱ።

ያለ ቴሌስኮፕ ይሆናል ወይ? ይሆናል። በክረምት ደመና ቴሌስኮፕ ቢኖርስ ምን ያደርጋል? ይልቅ በግንቦት መጨረሻ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ልጆቹን ታቦር ተራራ ይዛችሁ ውጡና ወደ ደቡብ ዝቅ ብላችሁ እዩ። ደማቁ ኮከብ አልፋ ሴንታውሪ ነው። በዓይን የማትታየው ጎረቤቱ ፕሮክሲማ በ2008 ዓ.ም. ፕላኔት ተገኝቶላታል፤ ከእኛ ያላት ርቀት 4.2 የብርሃን ዓመት ነው (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚሄደው ርቀት ነው)። ለንደን ያለ ልጅ አልፋ ሴንታውሪን ከደጁ አያየውም።

«ልጄ ሐምሌ ነው የተወለደችው፤ ኮከቧ ከየትኛው ፕላኔት ይስማማል?» እሱን እንኳ ደብተር የሚገልጡትን ይጠይቁ።

አንዲት እናት። ልጃቸው ፀሐይን ለመሳል ብሎ በራጅ ፊልም አሻግሮ ሲያያት ቆየ። ሁለት ቀን ሆነው፣ መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ ይታየዋል። «አያመኝም ስላለ ትቼዋለሁ» ይላሉ።

እህቴ፣ አይተዉት! የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠል አያምም። የራጅ ፊልም ጎጂውን ጨረር አይከለክልም። ይህን እንዳነበቡ ዓይን ሐኪም ጋ ይውሰዱት። መድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝተው አይሞክሩ፣ ሰኞንም አይጠብቁ።

የውሃ ቀለም ወይስ የዘይት? የውሃ። ልብሱን የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት።