ኤድቾይስ ቫውቸርና የሃይማኖት ሃይስኩል፦ ጋሽ ታክስን ጠይቁ

ጋሽ ታክስ፦ የታክስ ማስገቢያው ቀን ኤፕሪል 15 አለፈ፣ እጄም ትንሽ ፈታ አለ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ አራት ሰው ስለ ቫውቸር ያዘኝ። አራቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ቫውቸሩ ሙሉውን ይከፍላል ወይ? ስለዚህ እዚሁ እንጨርሰው። የማወራው በገቢ ስለሚሰጠው የኦሃዮ ኤድቾይስ ኤክስፓንሽን ነው፤ ስቴቱ ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍልላችሁ ቫውቸር ማለት ነው። የምኖረው ኮሎምበስ ነው፣ ሥራዬ ታክስ ነው፣ ልጆቼ ከካቶሊክ ሃይስኩል ወጥተዋል። ጠበቃ አይደለሁም። ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። ቲዩሽን (የትምህርቱ ዋጋ) እና ፊ (ሌላው ሌላው ክፍያ) አንድ አይደሉም። ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ አስገባ ማለት ደግሞ ገቢያችሁ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

የቤቲ እናት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ልጄ በመስከረም 9ኛ ክፍል ትገባለች። አንድ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ቫውቸሩ ሙሉውን ይከፍልልናል?

ጋሽ ታክስ፦ ሙሉውን ስትዪ የምኑን? ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ስቴቱ ለሃይስኩል የሚሰጠው ከፍተኛው በዓመት 8,400 ዶላር ገደማ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ላለው 6,100 ገደማ። ይህን ሙሉ መጠን የሚያገኘው ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 450 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ ነው። በ2025ቱ ቁጥር ለአራት ሰው ቤተሰብ መስመሩ 32,150 ዶላር ነው፤ 450 በመቶው 144,675 ይመጣል። እኛ ሰፈር ከዚህ የሚያልፍ ብዙ የለም። ከዚያ በላይ ያለውም ባዶ እጁን አይመለስም፤ ገቢው ባደገ ቁጥር ገንዘቡ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ደስ ብሎት ይተኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላኛው መስመር ነው፤ 200 በመቶው። ገቢሽ ከ200 በመቶ በታች ከሆነ ትምህርት ቤቱ ከቫውቸሩ በላይ ቲዩሽን ሊያስከፍልሽ አይችልም። ሕግ ነው፣ ችሮታ አይደለም። ከ200 በላይ ከሆንሽ ግን ልዩነቱን ይጠይቅሻል።

በቁጥር ልንገርሽ። ቤተሰቡ አምስት ሰው ነው እንበል። በዚያው በ2025ቱ ቁጥር 200 በመቶው 75,300 ዶላር ነው። የትምህርት ቤቱ ቲዩሽን 13,500 ነው እንበል። በዓመት 74,000 የሚያገኘው ቤተሰብ የቲዩሽን ልዩነት አይከፍልም። 77,000 የሚያገኘው ጎረቤቱ ግን 5,100 ዶላር ይከፍላል። በ3,000 ዶላር ብልጫ 5,100 ሄደ። ሁለቱም ቅዳሜ ኦቨርታይም የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ አብዝቶ ሠራ፣ አለቀ። ይህን ሳያውቁ ገብተው ኦክቶበር ላይ ቢል ሲመጣ የሚደነግጡ አይቻለሁ።

ቫውቸሩ ደግሞ ለቲዩሽን ብቻ ነው። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ላፕቶፕ፣ የስፖርት ክፍያ፣ የምረቃ ክፍያ ከኪስሽ ነው። ትምህርት ቤቱን «ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፉልኝ» በያቸው። በአፍ ሳይሆን በወረቀት።

የቤቲ እናት፦ አምስት ነን፤ ገቢያችን 70 አካባቢ ነው። ተመስገን።

ጋሽ ታክስ፦ ተመስገኑ ገቢሽ ሲረጋገጥ ነው። ገቢ የሚገባበትን የስቴቱን ፖርታል አየሽው?

የቤቲ እናት፦ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም ፌብሩዋሪ ላይ አስገብተናል ብሎኛል።

ጋሽ ታክስ፦ ከላይ የጻፍኩትን ሁለተኛውን ነገር እንደገና አንብቢው።

ባለ ትራኩ፦ ጋሼ፣ እኔ ኦውነር ኦፕሬተር ነኝ፣ በራሴ ትራክ ነው የምሠራው። የዓመቱን ክፍያ የሚያሳየው 1099ዬ 190 ሺህ ይላል። ያ ማለት ቫውቸሩ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

ጋሽ ታክስ፦ ይሄ ጥያቄ እንዲመጣ ስጠብቅ ነበር። ወንድሜ፣ 190 ሺው ያንተ ገንዘብ አይደለም። ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው፣ ሥራ የሚያገኝልህ የዲስፓቸሩ ኮሚሽን ከዚያ ላይ ነው የሚወጣው። ስኬጁል ሲ የሚባለው የታክስ ሪተርኑ የንግድ ገጽ ላይ ወጪህ ተቀንሶ ከታች የሚቀረው ቁጥር ነው ገቢህ። 190 ገብቶለት 55 የሚቀረው ሹፌር በየዓመቱ ይመጣልኛል። ስለዚህ 1099ህን ብቻ ቆርጠህ አትላክ። ሙሉውን ታክስ ሪተርን ከነስኬጁል ሲው ላክ። የ1099 ፎቶ በስልኩ አንስቶ ልኮ ሲያበቃ «ከልክለውኛል» ብሎ የተበሳጨ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ የማይጥምህን ልንገርህ። ዘንድሮ ቫውቸር አለ ብለህ ወጪ አታብዛ። ያቺው ወረቀት ነገ ቤት ልትገዛ ስትል ባንክ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ለስቴት ድሃ፣ ለባንክ ሀብታም መሆን አይቻልም። አንድ ሰው አንድ ሪተርን ነው ያለው።

ባለ ትራኩ፦ ገባኝ ጋሼ። ናፍጣው ግን እውነት ነው ሃሃ።

ሶሊ፦ ስንት ነው የሚሰጡት?

ጋሽ ታክስ፦ ከላይ ተጽፏል።

አቤል ዘ ዲሲ፦ ዲሲ ላለነውስ?

ጋሽ ታክስ፦ ዲሲ ስትል የት? ኮንግረስ ያቋቋመው ቫውቸር አለ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ ገቢም ያያል። ግን ራሱ ዲሲ ውስጥ መኖር አለብህ።

አቤል ዘ ዲሲ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ።

ጋሽ ታክስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ቡስት የሚባለውን የሜሪላንድ ቫውቸር ጠይቅ። ቴክሳስ ያላችሁም አትጻፉልኝ፤ የእናንተ በ2025 የወጣ አዲስ ሕግ ነው፣ አሠራሩም ሌላ ነው። እኔ የኦሃዮ ነኝ።

ወለተ ማርያም፦ አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችንን በገንዘብ ብለን ለካቶሊክ መስጠት ልክ ነው? ቅዳሴ ያስገቧቸዋል፣ የሃይማኖት ትምህርት ግዴታ ነው። በኋላ ማዕተባቸውን ሲፈቱ ማን ሊጠየቅ ነው?

ዮኒ፦ ኧረ እህቴ፣ አዲስ አበባ እያለን ቅዱስ ዮሴፍ ማን ነበር የሚማረው? ናዝሬት ስኩልስ? ሊደታ ካቴድራልስ? ግማሹ ክፍል ኦርቶዶክስ ነበር። ማን ማዕተብ ፈታ?

ወለተ ማርያም፦ አዲስ አበባ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቤቱም ጎረቤቱም ኦርቶዶክስ ነው። እዚህ ሲወጣ ምን ይጠብቀዋል? ቲክቶክ።

ኢክራም፦ የእኛ ልጆች በዚሁ ቫውቸር እስላማዊ ትምህርት ቤት ይማራሉ። እናንተም የራሳችሁን ክፈቱ፣ ማን ከለከለ? ሰንበት ትምህርት ቤት እኮ አላችሁ።

ዮኒ፦ ኢክራም ልክ ናት። በየዓመቱ አዲስ አዳራሽ እንሠራለን፣ ትምህርት ቤት የለም።

ወለተ ማርያም፦ አዳራሹን ለምን ታነሳለህ አሁን?

ጋሽ ታክስ፦ በቃ፣ በቃ። የአዳራሹን ነገር ለጠቅላላ ጉባኤ አቆዩት።

ስለ ቅዳሴው የማውቀውን ልናገር። ኦሃዮ ውስጥ ትምህርት ቤቱ የሃይማኖት ክፍሉን ግዴታ ማድረግ ይችላል። በዊስኮንሰኗ ሚልዋኪ ቫውቸር ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ልጁ ከሃይማኖት ፕሮግራሙ ይቀራል፤ እዚህ ግን ትምህርት ቤቱ የሚያስረዳችሁን መስማት ነው። የእኔ ልጆች ቅዳሴው ላይ ይቀመጡ ነበር፣ አይቆርቡም ነበር፣ ማንም አላስገደዳቸውም። ለገና ችግር ነበረብን። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲሆን እነሱ ከዕረፍት ተመልሰው ክፍል ገብተዋል። በየዓመቱ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ ሕጉ የቲዩሽን ልዩነቱን በአገልግሎት መክፈል ያስችላል። እኛ ከ200 በመቶው መስመር ትንሽ ከፍ ያልንበት ዓመት ነበር። ባለቤቴ በጾማቸው ዓርብ ዓርብ ማታ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አሳ ትጠብስ ነበር። ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። እሷ ዐቢይ ጾም ላይ ናት፣ አሳም አትቀምስም። ሽሮዋን በዕቃ ይዛ ትሄድና መጥበሻው ኋላ ቆማ ትበላለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ፈረንጆቹ ሽሮውን እየለመኑ አስቸገሯት።

ወለተ ማርያም፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ሃሳቤ ክፉ አልነበረም።

ጋሽ ታክስ፦ አውቃለሁ። ጥያቄሽ እውነተኛ ነው። ግን የታክስ ጥያቄ አይደለም።

ኪዳኔ፦ የመንግሥት ገንዘብ ለሃይማኖት መስጠት አሜሪካ ውስጥ ክልክል አይደል እንዴ? ነገ ቢዘጋስ?

ጋሽ ታክስ፦ ይህ ክርክር የተጀመረው እዚሁ ኦሃዮ ነው። የክሊቭላንድ ቫውቸር በ1996 ተጀመረ፣ ተከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2002 አምስት ለአራት ተፈቀደ። ምክንያቱ፣ ትምህርት ቤቱን የሚመርጠው ወላጁ ነው እንጂ መንግሥት አይደለም የሚል ነው። ያ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ነው። አሁን ያለው ክስ በኦሃዮ ሕገ መንግሥት ነው። ከሳሾቹ የሕዝብ ትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች ናቸው፤ ኮሎምበስ ሲቲ ስኩልስ አንዱ ነው። በጁን 2025 የፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛ ኤድቾይስ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብላ ፈረደች። ግን ይግባኙ እስኪታይ ፍርዷን ራሷ አገደችው፤ ስለዚህ ቫውቸሩ አልቆመም። ለ9ኛ ክፍል ልጅ አራት ዓመት ረጅም ነው። አንድ ዓመት ቫውቸሩ ቢቀር ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ? እሱን አስባችሁ ግቡ።

መምህርት ሰናይት፦ እኔ የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ጨምሩበት ጋሼ። የግል ትምህርት ቤቱ ልጅ ይመርጣል፣ እኛ አንመርጥም። ኖቬምበር ላይ የተባረረው ልጅ የሚመጣው እኛ ጋ ነው።

ዮኒ፦ ታዲያ ልጄን ለእናንተ ሲባል ላቆየው?

መምህርት ሰናይት፦ እንደዚያ አላልኩም። ዋጋውን ሌላ ሰው እየከፈለ መሆኑን እወቁ ነው ያልኩት።

ጋሽ ታክስ፦ ሰናይት ያለችው ልክ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አልቀበልም ማለት ይችላል። ቫውቸር መኖሩ ወንበር አይሰጥም። መጀመሪያ ቅበላ፣ ከዚያ ማመልከቻ።

ማርታ ዌስትሰርቪል፦ ልጄ አይኢፒ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) አለው። ይዞት ይሄዳል?

ጋሽ ታክስ፦ ማርታ፣ ቀስ በዪ። ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት ይህን አንብቢ። የግል ትምህርት ቤቱ አይኢፒውን እንደ ሕዝብ ትምህርት ቤት የመፈጸም ግዴታ የለበትም። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ጆን ፒተርሰን የሚባል ሌላ ስኮላርሺፕ አለ፤ ገንዘቡም ከኤድቾይስ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይቻልም። መጀመሪያ ከዲስትሪክቱ ሰዎች ጋር ተቀመጪ፣ ከዚያ የግል ትምህርት ቤቱን «በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በማን?» ብለሽ ጠይቂ። «እንረዳዋለን» መልስ አይደለም።

ቢኒ፦ አውቶቡስ አለ?

ጋሽ ታክስ፦ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ከሰላሳ ደቂቃ በላይ ከሆነ አትጠብቅ። ለሃይስኩል ደግሞ ዲስትሪክቱን ራሱን ጠይቅ። «አይመችም» ብለው በምትኩ ትንሽ ገንዘብ ሊሰጡህ ይችላሉ። ያቺ ገንዘብ ጠዋት ጠዋት ልጅ አታደርስም።

ስም የለኝም፦ የአሳይለም ኬዛችን አላለቀም። ቫውቸር ብንወስድ ይጎዳናል?

ጋሽ ታክስ፦ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን። እዚህ ማንም አይመልስላችሁ፣ እኔም ጭምር።

ሰላም ቢ፦ ለልጄ የቱ ትምህርት ቤት ይሻለዋል?

ጋሽ ታክስ፦ ልጅሽን አላውቀውም።

ሰላም ቢ፦ በጠቅላላው ማለቴ ነው።

ጋሽ ታክስ፦ በጠቅላላው የሚባል ልጅ የለም። ሄደሽ አንድ ቀን ሙሉ ክፍል ውስጥ እንዲውል አድርጊ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ማታ ራት ላይ የሚያወራውን ስሚ።

ሶሊ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ገቢዬን ማሳየት ካልፈለግኩስ?

ጋሽ ታክስ፦ አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። ገቢ ሳያሳዩ መቀበል ይቻላል። ግን የምታገኚው ዝቅተኛውን ነው፤ ለሃይስኩል ከ1,000 ዶላር በታች። የ200 በመቶው መከላከያም የለሽም። ሀብታም ከሆንሽ ምንም አይደል። ካልሆንሽ ግን ወረቀት ሰልችቶሽ ከ7,000 ዶላር በላይ ትተሽ ሄድሽ ማለት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ አልፈልግም ብሎ ሳይሆን ረስቶ ነው እዚህ የሚወድቀው። ትምህርት ቤቱ የልጁን ማመልከቻ ያስገባል። ገቢውን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ፣ በራሳችሁ የኦኤችአይዲ አካውንት፣ የስቴቱ የኢንተርኔት መግቢያ ነው። ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ መጻፌ ነው።

ዮኒ፦ ካቶሊኮቹ ደግሞ የራሳቸው እርዳታ አላቸው፣ ፋክትስ በሚባለው የኢንተርኔት ፎርም የሚሞላው። እሱም ሦስተኛ ነው።

ጋሽ ታክስ፦ አዎ፣ እሱ የትምህርት ቤቱ ነው፣ የስቴቱ አይደለም። ፋክትስ ሞልቶ «ገቢዬን አስገባሁ» የሚል ሰው በየዓመቱ አለ።

የቤቲ እናት፦ ጋሼ። ባለቤቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ፖርታሉን ከፈትነው። የቤቲ ማመልከቻ አለ። ገቢው ግን ምንም አልገባም። እኛ የሞላነው ለካ ፋክትሱን ነበር።

ጋሽ ታክስ፦ ይኸው። አትደንግጪ፣ ገና ጊዜ አለ። ያለፈውን ዓመት ታክስ ሪተርን ሙሉውን፣ ሁሉንም ገጽ፣ የሁለታችሁንም ደብሊውቱ (የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት)። በስልክ ፎቶ አይሁን፣ ስካን አድርጊው፤ ላይብረሪ በነፃ አለ። የቤተሰብ ቁጥር ላይ አምስታችሁንም ቁጠሪ፣ ትንሹን እንዳትረሺው። ስታስገቢ የሚሰጥሽን ማረጋገጫ ስክሪንሹት አድርገሽ አስቀምጪ። በሁለት ሳምንት ካልተለወጠ ደውዪላቸው።

የቤቲ እናት፦ ትንሹ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱም ይቆጠራል?

ጋሽ ታክስ፦ ይበላል አይደል? ቁጠሪው።