ድርቅ የሚችል ሽንብራ አለ ወይ? ከደንቢያ ለተነሳው ጥያቄ

ወንድሜ፣ «የአባቴን ሽንብራ ትቼ አረርቲ ወይም ሌላ የተሻሻለ ዝርያ ልዘራ ነው። አምና ግማሹ ማሳ ደረቀብኝ። ድርቅ የሚችል ዝርያ እውነት አለ ወይስ ወሬ ነው?» ብለሃል። አለ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። አምና የደረቀብህ በውኃ ጥም ነው ወይስ በበሽታ?

ሰባት ዓመት በሽንብራ ማዳቀል ሥራ ላይ የመስክ ረዳት ነበርኩ። አሁን ማክሰኝት አካባቢ የራሴን አርሳለሁ። ብዙ ሰው «ድርቅ ፈጀኝ» ብሎ ጠርቶኝ ማሳው ላይ ስደርስ የማገኘው አጠውልግ የሚባለውን የፈንገስ በሽታ ነው። እሱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ገና መጠውለግ የጀመረ ተክል ንቀል። ከሥሩ በላይ ያለውን ግንድ በቢላዋ ቁመቱን ሰንጥቀው። ሥሩ ከውጭ ጤነኛ መስሎ የግንዱ ውስጥ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ካሳየ በሽታው ነው። ውኃ ጥም ብቻ ከሆነ ውስጡ ንጹሕ ነው። ደግሞ አጠውልግ እዚህም እዚያም ቦታ እየለየ ይመታል፤ ጥም ግን ማሳውን በአንድነት ያደርቃል። የበሽታው ፈንገስ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ጤፍና ስንዴ ማፈራረቅ ይረዳል፣ ግን ብቻውን አያጠፋውም። መፍትሔው በሽታውን የሚችል ዝርያ ነው።

በማዳቀሉ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በሽታውን የሚችለውን ለመለየት ሆን ተብሎ የታመመ ማሳ ነበረን። በየዓመቱ ሽንብራ ይዘራበታል፤ የታመመውም ግንድ መልሶ እዚያው ይታረሳል። በመስመሮቹ መካከል በቀላሉ የሚሞት ዝርያ እንዘራለን። እሱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ አጠገቡ ቆሞ የቀረውን መርጠን እንይዛለን። ያንን ማሳ ማየት ያሳዝን ነበር። የተረፉትን ስትቆጥር ግን ደስታው ሌላ ነው።

ወደ ድርቁ ልመለስ። የእኛ ሽንብራ ዝናብ ሲያበቃ ይዘራና ዋልካው በያዘው እርጥበት ያድጋል። ልክ ሲያብብና ፍሬ ሲይዝ መሬቱ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ተመራማሪዎች ይህን በሁለት መንገድ ይታገላሉ። አንዱ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ነው። ሁለተኛው ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ነው። አይሲሲ 4958 የሚባል፣ በሥሩ የታወቀ ሽንብራ አለ። ያን ጠባዩን የያዘውን የዘረመል ክፍል በሞለኪውል ምልክት (በላቦራቶሪ በሚታይ የዘረመል መለያ) እየተከታተሉ፣ በማዳቀል ወደ ሌላ ዝርያ አሻገሩት። እኛ አገር በዚህ መንገድ የወጣው «ገለቱ» እ.ኤ.አ. በ2019 ተለቋል።

ግን ዘግይተህ ከዘራህ የትኛውም ሥር አያድንህም። ደንቢያ ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛል፤ ሽንብራ ደግሞ ውኃ መተኛት አይወድም። ስለዚህ እስኪደርቅ እየጠበቅን ወደ ጥቅምት እንገፋለን። ሰፊ መደብና ቦይ አውጣ። ውኃው በቦዩ ሲወርድ መስከረም መጀመሪያ ላይ መዝራት ትችላለህ። እኔ አንድ ዓመት ያንኑ ዘር በሁለት ሳምንት ልዩነት ዘርቼ ነበር። የኋለኛው ዛላ ግማሹ ባዶ ወጣ።

ዝርያ ለማውጣት ለምን አሥር ዓመት እንደሚፈጅ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። አበባዋ ገና ሳትከፈት በወረንጦ ትከፍታታለህ። አሥሩን ወንዴ ክፍሎች አንድ በአንድ ታወጣለህ። የሌላውን ወላጅ የአበባ ዱቄት ሴቴው ጫፍ ላይ ትነካለህ። ከዚያ ለምልክት ክር ታስርባታለህ። አብዛኛዋ ትረግፋለች። የያዘችው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ትሰጥሃለች። ከዚያች ፍሬ ተነስተህ ጠባዩ እስኪረጋ ስድስት ትውልድ ያህል ትዘራለህ። ከዚያ ገና የብዙ ቦታ ሙከራ አለ።

አረርቲና ሻሾ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሀብሩ በ2004፣ ናቶሊ በ2007 የተለቀቁ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፍሬያቸው ተለቅ ያለ ነጣ ያለ ሲሆን፣ ናቶሊ ቀላ ያለው የአገሩ ዓይነት ነው። ለሽሮና ለሽንብራ ዓሣ የምትሸጥ ከሆነ ናቶሊን አስብ። ነጩ ለገበያ ጥሩ ነው። ግን ፍሬው ትልቅ ስለሆነ በሄክታር ብዙ ኪሎ ዘር ይበላል። እሸቱም ስለሚጣፍጥ መንገድ ዳር ከሆነ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ይህን በደንብ አስብበት።

ዘሩን ከየትም እንዳታመጣ። እኔ አንድ ጊዜ ከነጋዴ «ንጹሕ አረርቲ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሲያብብ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ ተቀላቅሎ ወጣ። ከዘር አባዢ ማኅበር ወይም ከምርምር ማዕከል ውሰድ። ሽንብራ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ከሌላ ዝርያ የተቀላቀለውን እየነቀልክ ለጥቂት ዓመት የራስህን ዘር ማስቀመጥ ትችላለህ።

የአባትህን ዘር ግን አትጣል። እባክህ። አዲስ ዝርያ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ አሮጌ ዘር ነው። አንድ ጥማድ በአዲሱ፣ ከጎኑ ትንሽ በአባትህ ዘር ዝራ። ኅዳር ላይ መጠውለግ ከጀመረ ከሁለቱም ግንድ ሰንጥቀህ ፎቶውን ላክልኝ። አብረን እናየዋለን።