የመቅኔ ንቅለ ተከላና የደም ካንሰር፦ ጠይቁኝ ብዬ ነበር

ባለፈው ስለ ደም ካንሰር ስንጨዋወት ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ ጥያቄው በዛብኝ። ዛሬ የቻልኩትን ልመልስ። ሐኪም አይደለሁም፤ ለዓመታት ደም ላብራቶሪ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ንቅለ ተከላው ኦፕራሲዮን ነው አይደል? አከርካሪ ይከፈታል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ።

መልስ፦ ኧረ ማንም አይከፈትም! ታማሚው መቅኔውን የሚወስደው ልክ እንደ ደም፣ ከከረጢት በደም ሥር ነው። ውስጡ ያሉት ደም አምራች ሴሎች፣ ስቴም ሴሎቹ፣ ራሳቸው መንገዱን አግኝተው አጥንት ውስጥ ይሰፍራሉ። ከለጋሹም የሚቀዳው ከዳሌ አጥንት ነው፣ በማደንዘዣ። አሁን ግን ብዙ ጊዜ ለጋሹ ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋል፤ ሴሎቹ ወደ ደሙ ሲወጡ ከክንዱ ይሰበሰባሉ።

ጥያቄ፦ ማን ጀመረው? መጀመሪያውኑ ሠርቷል?

መልስ፦ አልሠራም። ዶናል ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1957 የስድስት ታማሚዎችን ውጤት አሳተመ። ስድስቱም ሞተዋል። በ1960ዎቹ አብዛኛው ተመራማሪ ተስፋ ቆርጦ ነገሩን ተወው። ቶማስ ግን ውሾች ላይ ወደ መሞከር ተመለሰ፤ ለጋሽና ተቀባይ ካልተዛመዱ እንደማይሆን ከነሱ ተማረ። በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ ኤችኤልኤ የተባለውን የሴል መታወቂያ ማግኘቱም በሩን ከፈተ።

በ1977 የሲያትሉ የቶማስ ቡድን ሌላ ሕክምና ያልመለሰላቸውን 100 የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ታማሚዎች ውጤት አወጣ። 13ቱ ከበሽታው ነጻ ሆነው በሕይወት ነበሩ። ትንሽ ይመስላል? ያለዚያ ሁሉም ይሞቱ ነበር። ቀጥሎ በሽታው ሳያገረሽ ቀደም ብለው ሲሞክሩት ውጤቱ በጣም ተሻሻለ። ቶማስ በ1990 ኖቤል ተሸለመ። ባለቤቱ ዶቲ ላብራቶሪውን አብራው ስታንቀሳቅስ ኖራለች፤ እኛ የላብራቶሪ ሰዎች እሷን ሳናነሳ አናልፍም።

ጥያቄ፦ ኬሞው፣ የካንሰር መድኃኒቱ፣ ካንሰሩን ከገደለ የሰው መቅኔ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። መጀመሪያ ተመራማሪዎቹም እንዳንተ ነበር የሚያስቡት፦ ኬሞና ጨረር ካንሰሩን ይገድላል፣ የታማሚውንም መቅኔ ያወድማል፤ የለጋሹ መቅኔ የወደመውን ይተካል። ችግሩ መንትዮች ላይ ታየ። ፍጹም ከሚመሳሰል መንትያ የወሰዱ ሰዎች በሽታው ከሌሎቹ ይልቅ አብዝቶ አገረሸባቸው። ለምን? የመንትያው ነጭ የደም ሴል ካንሰሩን እንደ ዘመድ አይቶ ያልፈዋል። የሌላ ሰው ሴል ግን ባዕድ ነው ብሎ ያጠቃዋል። በ1990 ሙኒክ ውስጥ ኮልብ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ በሽታው ላገረሸባቸው ታማሚዎች ከቀድሞ ለጋሻቸው ነጭ የደም ሴል ጨምረው ሰጡ፤ ካንሰሩ ጠፋ።

ጣጣው ያው ሴል ቆዳን፣ አንጀትንና ጉበትንም ባዕድ ብሎ ማጥቃቱ ነው። ጂቪኤችዲ የሚሉት ይህንን ነው። እስከ ዛሬ ምርምሩ በአብዛኛው የሚሮጠው ጥቅሙን ከጉዳቱ ለመለየት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድማችን ታሟል። ሦስት እህቶች ነን፣ አንዳችን ለጋሽ መሆን እንችላለን?

መልስ፦ እግዜር ይማርላችሁ እህቴ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆናችሁ የእያንዳንዳችሁ ሙሉ ለሙሉ የመግጠም ዕድል 25 በመቶ ነው። ቢያንስ አንዳችሁ የመግጠም ዕድላችሁ ደግሞ 58 በመቶ ገደማ። ባይገጥምም አትደንግጪ። ግማሽ የሚዛመድ ሰው፣ እናት፣ አባት ወይም ልጅ፣ ዛሬ መስጠት ይችላል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያገኙት ዘዴ ነው፦ ከንቅለ ተከላው በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የኬሞ መድኃኒት ይሰጣል። በዚያን ሰዓት በቁጣ እየተባዙ ያሉት አጥቂ ሴሎች ያልቃሉ፣ ስቴም ሴሎቹ ግን ይተርፋሉ። ቀኑን አስልተው ማግኘታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው ያለሁት። ሐበሻ ለጋሽ ለመሆን ቢመዘገብ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም! ኤችኤልኤ በዘር ይወረሳል፤ የአፍሪካውያን ዓይነት ደግሞ እጅግ የተለያየ ነው። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሙሉ ለሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድልን አስልቶ ነበር፦ የአውሮፓ ዝርያ ላላቸው 75 በመቶ፣ ለጥቁሮች ከ20 በመቶ በታች። ምዝገባው ጉንጭን በጥጥ መጥረግ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ዓይነት አለባቸው ተባለ። ንቅለ ተከላ ግድ ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከ2001 ወዲህ ኢማቲኒብ የሚባል የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ብዙ ሰው በሱ ዓመታት ይኖራል። አባትዎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ብቻ።

ጥያቄ፦ የደም ዓይነት ይቀየራል የሚሉት ቀልድ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኦ የነበረ ሰው ከኤ ለጋሽ ቢወስድ ቀስ በቀስ ኤ ይሆናል። ወንድም ከእህቱ ቢወስድ ደሙ ሲመረመር የሴት ክሮሞሶም ይገኝበታል። ጺሙ የትም አይሄድም።